ከመሰላል ወደቀ

ፖርት ኦርቻርድ፣ ዋሽንግተን
እሑድ፣ ማርች 9 ቀን 2014

ለግትሯ ልጄ ለብሪታ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ያልሆነው ጣሪያው ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሲዘንብ ከርሞ ኩሽናው ላይ ማፍሰስ ጀመረ። ወጥቼ ስጠግን ጎረቤታችን ኦስትቢ ከታች ሆኖ "በሃምሳ ሦስት ዓመትሽ ጣሪያ ላይ ምን ትሠሪያለሽ?" ብሎ ጮኸብኝ። "አንተ የማትሠራውን!" አልኩት። እስካሁን አኩርፏል።

በወረቀት የምጽፍልሽ የመርከብ ኢሜይል በስንት ሰው ዓይን እንደሚያልፍ ስለማውቅ ነው። ሃያ ዓመት ባሕር ላይ የኖርኩት በከንቱ አይደለም። ወደብ ስትገቡ ደብዳቤው ቀድሞሽ ደርሶ ይጠብቅሻል። መርማሪው መኮንን ሳይጠራሽ በፊት አንብቢው።

መልእክትሽን አራት ጊዜ አነበብኩት። የምድር ወገብን የተሻገራችሁ ዕለት ካፒቴኑ ያዘጋጀው ጨዋታ ደስ ብሎኛል። የባሕሩን ንጉሥ ሆኖ የሚጫወተው መርከበኛ የመጥረጊያ ጭራ ጺም አድርጎ ሲንጎራደድ፣ ገና ያልተሻገራችሁት "የእንቁራሪት ልጆች" ውሃ ስትራጩና በዘፈን ስትወዳደሩ፣ ያልፈለገ ደግሞ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ አይስክሬሙን ሲበላ ታየኝ። በእኛ ጊዜ አይስክሬም ይዞ የሚቀመጥ ቢገኝ ከነወንበሩ ይወረወር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ አብረውኝ ቁርስ ለሚበሉት ጡረተኞች ብነግራቸው አፋቸውን አጣመሙ። "የልደት በዓል አደረጉት'ኮ!" አለ አንዱ። እኔም እስካለፈው ወር ድረስ አብሬያቸው አጣምም ነበር፤ አልዋሽሽም።

ከምሳ በኋላ የሆነውን ሳነብ ግን አፌን ማጣመሜን ተውኩ። ከዚህ በፊት ከተሻገሩትና ራሳቸውን "ኤሊ" ብለው ከሚጠሩት አራቱ "ይሄ መሻገር አይደለም" ብለው፣ ያንኑ አይስክሬም ሲበላ የነበረውን ኤሌክትሪሺያን ሩቤን ኢስካላንቴን ገመድ መጋዘን አስገብተው በእሳት ማጥፊያ ጎማ ቁራጭ ቀጠቀጡት። ሁለት ጎድኑ ተሰብሮ፣ ደም እየሸና ክሊኒክሽ መጣ። አለቃሽ ፕሩት ደግሞ የሕመምተኛ መዝገቡን ፊትሽ ዘርግቶ "ከመሰላል ወደቀ ብለሽ ጻፊ" አለሽ። አንቺም "መሰላል የጎማ ሰንበር አያወጣም" ብለሽ ብዕሩን መለስሽለት።

እዚህ ላይ ስደርስ ብቻዬን ኩሽና ውስጥ ቆሜ አጨበጨብኩ። ውሻው ደንግጦ ጮኸ።

መጨረሻ ላይ ግን "እማዬ፣ አንቺ በእኔ ቦታ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?" ብለሽ ጠይቀሽኛል። ጭብጨባዬ እዚያ ላይ ቆመ።

ምን ብዬ እንደምመልስልሽ ሳወጣ ሳወርድ ፕሩት ቀደመኝ። ማክሰኞ ከመርከቡ ደወለ። እኔና እሱ በወጣትነታችን አንድ መርከብ ላይ እንደነበርን ታውቂያለሽ።

"ዶሪን፣ ልጅሽን ምከሪያት እንጂ!" አለኝ። "ሠራተኛው ሁሉ ጀርባውን ሰጥቷታል። አብሯት ምግብ የሚበላ እንኳ የለም።"

"ብቻዋን መብላት ከልጅነቷ ትወዳለች።"

"አትቀልጂ። እኛስ አላለፍንበትም እንዴ? ምን ሆንን?"

"አንተ ምን እንደሆንክማ ይኸው እየሰማሁት ነው።"

ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስሚኝ። ይሄ ነገር ከተከፈተ የድሮውም መከፈቱ አይቀርም። ሌስተር ቦግስን አልረሳሽውም አይደል? ልጅሽ ስለሱ ታውቃለች?"

"እሑድ ቁጭ ብዬ እጽፍላታለሁ" አልኩትና ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። በገመድ እንዳሰረኝ ቆጥሮ ነበር። ገመዱን በገዛ እጄ እቆርጠዋለሁ።

የእኔን መሻገር በየበዓሉ ማዕድ ላይ ስተርከው ስቀሻል። በ1984 ካፒቴኑ እኛን ሴቶቹን "ከፈለጋችሁ ታች ወርዳችሁ ፊልም እዩ፤ የመሻገሩ ምስክር ወረቀት ይሰጣችኋል" አለን። እኔ እምቢ አልኩ። ሰባት ቀን የከረመ የወጥ ቤት ትራፊ ውስጥ እየዳህኩ አለፍኩ፤ ግሪስ የተቀባ የሰው ሆድ ሳምኩ፤ ጎማውንም ቀመስኩ። ስጨርስ "አሁን ከእኛ አንዷ ነሽ" አሉኝ፤ ኮራሁ። ዛሬም ትንሽ እኮራለሁ፣ ምን ላድርግ? ያልነገርኩሽ ሁለት ሳምንት ሙሉ በጀርባዬ መተኛት እንዳልቻልኩ ነው።

የሚቀጥለውን ዓመት ግን ተርኬልሽ አላውቅም። ሌስተር ቦግስ ልብስ አጣቢያችን ነበር፤ ሠላሳ አንድ ዓመቱ፣ ዝምተኛ፣ ኪሴ ውስጥ የረሳሁትን ፎቶግራፍ ሳያበላሽ አውጥቶ የሚመልስልኝ ሰው። ዳግም የምድር ወገብን ስንሻገር እሱ የእንቁራሪት ልጅ፣ እኔ ኤሊ ሆንን። እየዳኸ ወደ እኔ ሲመጣ ወንዶቹ "እሷ በላባ ነው የምትመታው!" ብለው ሳቁ። ጎማውን አነሳሁ። ሦስት ጊዜ ጆሮ ግንዱን መታሁት፣ ብሪታ። የመጀመሪያው ስቶኝ ነው፤ ጀርባውን ነበር ያልኩት። ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን አልሳተኝም።

ፕሩት ያኔ ክሊኒኩ ውስጥ የሚሠራ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነበር። መዝገቡ ላይ "ከመሰላል ወደቀ" ብሎ የጻፈው እሱ ነው። ከሥሩ ምስክር ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ቦግስ ሲጠየቅ "አዎ፣ ወደቅኩ" አለ፤ ሲናገር የሚያየው እኔን ነበር። ከዚያ ወዲያ በግራ ጆሮው አልሰማም። እሱን በሕመም አሰናበቱት፤ እኔን በማዕረግ አሳደጉኝ።

እንግዲህ "በእኔ ቦታ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?" ላልሽው መልሱ ይኸው፤ ፈርሜያለሁ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል። ያንን ቀዳዳ ከቀደዱት አንዷ እኔ ነኝ፤ ፕሩት ዛሬም የሚሾልከው በዚያው ነው። አፍሬያለሁ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እፍረቴን በሳቅ ስሸፍነው ኖሬያለሁ።

"ወጋችንን አጠፋሽ" ይሉሻል። እኔ ወጉን አልጠላም። ጺሙንም፣ ዘውዱንም፣ ውሃውንም እወዳለሁ። ሰው የምድርን ወገብ ያህል ነገር ተሻግሮ እንደ አስፋልት ዝም ብሎ ማለፍ የለበትም። ከወጉ የተወገደው ዱላው ብቻ ነው። ወጉ ጠፋ እያለ የሚያለቅስ ሰው ሲገጥምሽ እጁን እዪው፤ መምታት ያማረው ነው። እኔም አምሮኝ ያውቃል፤ ስለዚህ አውቀዋለሁ።

ብቻሽን መብላቱ እንደሚከብድሽ አላጣሁትም። ለፕሩት ብቀልድበትም ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አልቅሻለሁ። ቢሆንም ብዕሩን እንዳትቀበያቸው! ከመርከብ ቢያወርዱሽ ክፍልሽ እንዳለ ነው፤ እዚያ በኩል ጣሪያው አያፈስም።

እኔም ቃሌን በሁለት ገጽ ጽፌ፣ ፈርሜ፣ ዓርብ ዕለት ለምርመራ ክፍሉ በአደራ ደብዳቤ ልኬያለሁ። ጡረታዬን ቢነኩ ይንኩ። ለቦግስም ጽፌያለሁ፤ ባይመልስልኝ መብቱ ነው። ትናንት ቁርስ ላይ ለጡረተኞቹ ስነግራቸው ሁለቱ ተነስተው ሄዱ፤ አንዱ ፓንኬኩን ጨርሶ ሄደ። ሒሳቡን ከፍዬ፣ አንገቴን ሳልደፋ ወጣሁ።

አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። መርማሪው "እንዲህ ያለ ነገር እንዲህ ተብሎ ሲሸፈን ከዚህ በፊት ሰምተሻል ወይ?" ብሎ መጠየቁ አይቀርም። "አዎ" በይ። "ማን?" ሲልሽ አትንተባተቢ። ዶሪን ሃልቮርሰን በይ፤ ዓመቱንም ንገሪው። እናቴ ናት ብለሽ እንዳትደብቂኝ።

ባሕሩ ይለዝብልሽ። ቃልሽ አይታጠፍ። በወጣሽበት እግር በሰላም ይመልስሽ። ስትመጪ ልታቅፊኝ ባይሆንልሽ አልቀየምሽም፤ በሩ ላይ ግን ቆሜ እጠብቅሻለሁ።

እናትሽ
ዶሪን