ለአምስት ጣሳ ማር ስንት ውሃ?

ሰኞ

ዛሬም ምላሳቸው አልተመለሰም። እትዬ ስንዱ ማሩን በጣታቸው ቀምሰው «ጭቃ በለው» አሉኝ። ጉንፋኑ ከጣላቸው ወዲህ ጣዕምም ሽታም አይለዩም። ይህን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። ደብረ ታቦር ላይ በጠጅ የታወቁ ሴት ናቸው፤ አሁን ደግሞ የጎረቤታችን የአያ ታደለ ልጅ ሰርግ ጠጅ በእርሳቸው እጅ ነው። ቢቀጥን ስማቸው አለቀ። እኔም ከከፋ አገር ድረስ መጥቼ ያገኘሁት ቤት ይህ ብቻ ነው።

ውሃውን የሚመጥኑት በምላስ ነበር። ስለዚህ ከዚህ ቀደም ለሰርግ የጣሉትን እንዲያስታውሱልኝ ለመንኳቸው።

ለሁለት ጣሳ ማር፣ ስድስት ጣሳ ውሃ።
ለሦስት፣ ዘጠኝ።
ለአምስት፣ ሃያ።

የእኛ ማር አምስት ጣሳ ነው። ሃያ ጨመርን።

ማክሰኞ

በማታው ትምህርት መምህሩ ሠንጠረዥን ወደ ግራፍ መለወጥ አስተማሩን። «ንጥጥሩ ካልተለወጠ ነጥቦቹ ከዜሮ ተነሥተው በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ይሰለፋሉ» አሉ። እኔ መልመጃውን ትቼ የጠጁን ሠራሁ፤ ማሩን ከታች፣ ውሃውን በጎን። ሁለቱና ሦስቱ ተከታትለው ሄዱ። አምስቱ ግን መስመሩን ጥሎ ወደ ላይ ሸሸ። መስመሩ ለአምስት የሚሰጠው አሥራ አምስት ብቻ ነው!

ማስመሪያዬ ጠማማ መስሎኝ በሌላ ደገምኩት። ያው ነው።

ረቡዕ

ጠዋት ግራፉን አሳየኋቸው። ያቺ ነጥብ ለምን ተለየች? የማን ሰርግ ነበር? ጥቂት አሰቡና እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ።

«የባሌ ዘመዶች ነዋ! የሙሽራው እናት በሰው ፊት ‹ስንዱ ወጥ መሥራት አታውቅም› ብላኝ ነበር። ውሃ አጠጣኋቸው!»

«ታዲያ ሰኞ ለምን አልነገሩኝም?»

«ስንት ጨመሩ አልከኝ፣ የጨመርኩትን ነገርኩህ። ተቀይመው ነበር ወይ አላልከኝም።»

የገባ ውሃ አይወጣም። ስለዚህ በግራፉ ጎን ሃያን ይዤ በጣቴ እስከ መስመሩ ሄድኩ፤ ከዚያ ወደ ታች ወረድኩ። ጣቴ በስድስትና በሰባት መካከል፣ ወደ ሰባት ጠጋ ብሎ ዐረፈ። የጎደለው አንድ ጣሳና ሁለት ሦስተኛ ማር ነው። ጣሳውን በምስማር ጭሬ ለሦስት ከፈልኩት። ለፋሲካ ያኖሩትን ማር አወጡ፤ ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ አጠንክሮት ስለነበር ፀሐይ ላይ አለሳልሰን ጨመርነው።

ስበጠብጥ አዩኝ አዩኝና «ምስኪን እናትህ፣ ስንት ጊዜ ስትስቅብህ ኖራለች!» አሉኝ። እንደ ገዛ ልጃቸው ስለቀለዱብኝ ደስ አለኝ።

ሐሙስ

ጌሾ ሳይገባ ብርዙን የሙሽራዪቱ አባት መቅመስ የዚህ ቤት ልማድ ነው። አያ ታደለ መጡ። እትዬ ስንዱ እንደ ወትሮው ቀድመው ቀመሱና «ሆኗል» አሉ። ምንም እንዳልተሰማቸው የማውቀው እኔ ነኝ።

አያ ታደለ ጠጡ። ከዚያ ብርጭቆውን መልሰው ዘረጉ። ያንንም ጨረሱና ደግመው ዘረጉ።

«አያ ታደለ፣ ለሙሽሪትም ይተዉላት እንጂ!» አሉ እትዬ ስንዱ።

አያ ታደለ ሲወጡ እትዬ ስንዱ በሩን ዘጉና ዝቅ ባለ ድምፅ «እንዴት እንደሆነ እስቲ ንገረኝ» አሉኝ። ቀመስኩ። ምላስ ጫፍ ላይ ይዞ እንደሚቆይ፣ ጉሮሮ ላይ ለስለስ እንደሚል፣ ከወረደ በኋላም አበባ አበባ እንደሚል የቻልኩትን ያህል ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«እሱ ነው» አሉ።