የበለሱን ፍሬ ከዳሱ ጣሪያ ላይ ስለመፈለግ

ለተከበሩ የፍራፍሬ ልማት ኃላፊያችን፤
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እኛ የቆላዎቹ ሴቶች፣ ሙቀቱ እንዳለ ሆኖ፣ ደህና ነን። ባለፈው ግንቦት ማሳችንን ሊጎበኙ ወርደው ከመኪናው እስከ ዳሱ ድረስ ፀሐይ መትቶዎት ነበርና፣ ራስዎን እንዳላመመዎት ተስፋ አደርጋለሁ። ይህን በአደባባይ የጻፍኩት ለድፍረት አይደለም። የመጀመሪያው ደብዳቤዬ ጽሕፈት ቤትዎ ውስጥ ተመቻችቶ ተኝቷል ስለተባልኩ፣ እሱን ላለመቀስቀስ ብዬ ነው።

የኔአለም አበባው እባላለሁ። አሥረኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ወሬ እንደማበዛ ደግሞ ጉንደ ወይን ገበያ ድረስ ምስክር አለኝ። ከሙላቷና ከሌሎች ጎረቤቶቼ ጋር ተደራጅተን፣ ወደ ዓባይ በረሃ በሚወርደው ተዳፋት ላይ፣ እናንተው በሰጣችሁን መሬት በለስ ተክለናል። በለስ ስል እሾሃሙን ቁልቋል ሳይሆን፣ ቅጠሉ እንደ መዳፍ የተዘረጋውን ዛፍ ማለቴ ነው። ሰሞኑን የደረሰን ማስታወቂያ ማሳው የሚጠበቅበትን ፍሬ ስላልሰጠ ከጥቅምት ጀምሮ ለሌላ አልሚ ይተላለፋል ይላል። መሬቱ ከመሄዱ በፊት ምስጋናችን ይድረስዎ ብዬ በተራ አሰፈርኩት።

፩ኛ፣ ስለሚጠበቀው ፍሬ። ከችግኙ ጋር ያደላችሁን በራሪ ወረቀት በሞቃት አገር አንድ የበለስ ዛፍ ግማሽ ኩንታል ይሰጣል ስለሚል በጣም ተደስተን ነበር። ያን ጊዜ እናንተው ጋ ትሠራ የነበረችው ባለሙያ ፀደንያ ግን ማሳው ድረስ ወርዳ፣ ይህ ለጎለመሰ ዛፍ ነው፣ በሁለተኛው ዓመት አፍ ማሟሻ ብታገኙ ነው፣ በሦስተኛው ቅርጫት ከሞላላችሁ እልል በሉ፣ ውኃ ካጣ ደግሞ ሙቀቱ ፍሬውን ጥሬውን ያረግፈዋል ብላ አስረዳችን። ፀደንያን ወዲያው ወደ ሌላ ቦታ ስላዛወራችሁልን እናመሰግናለን፤ እውነት ሲበዛ ሰው ያደክማል። የእኛ ዛፎች ገና ሦስት ዓመታቸው ነው። በዚህ ዕድሜ ግማሽ ኩንታል አላወጣችሁም ተብለው መከሰሳቸው፣ የሦስት ዓመት ሕፃን እስካሁን ሚስት አላገባም ተብሎ ሽማግሌ ፊት እንደመቆም ነው።

፪ኛ፣ ስለ ውኃው። ሞተር ይመጣል ስላላችሁን እናመሰግናለን። እስኪመጣ ድረስ ሙላቷ ከምንጩ በጀሪካን ታመላልሳለች። ወገቧ ሞተሩን ከሁላችንም በላይ ይጠብቃል።

፫ኛ፣ ስለ ዳሱ። በጉብኝትዎ ዋዜማ፣ የመስተንግዶው ኃላፊ አቶ አንለይ መጥተው፣ እንግዳ በዚህ ፀሐይ እንዴት ይቀመጣል፣ ዳስ የለም ወይ አሉን። እንግዳን ያለ ዳስ መቀበል በአገራችን ነውር መሆኑን እርስዎም ያውቃሉ፤ እኛም አላንገራገርንም። ግራር ልንቆርጥ ስንነሳ እሾሁ የእንግዳ ኮት ይይዛል ብለው ከለከሉን። ዞር ዞር ብለው አይተው በለሱን መረጡ፦ ቅጠሉ ሰፊ፣ እሾህ የሌለው፣ ሽታው ደስ የሚል። ሙላቷ "ጋሼ፣ ፍሬ ይዟል እኮ!" ብትላቸው "እትዬ፣ ከእንግዳና ከፍሬ የቱ ይበልጣል?" አሏት። ለዚህ መልስ ያለው ጎጃሜ እስካሁን አልተወለደም። አምና የበቀሉትን፣ ፍሬ የያዙትን ቅርንጫፎች ቆርጠን ጣሪያውን አለበስነው፤ ወፋፍራሙንም ምሰሶ አደረግነው።

በማግሥቱ ከጥላው ሥር ተቀመጡ። ኮትዎ ላይ ጠብ ያለው ነጭ ነገር የወፍ አልነበረም፤ የበለሱ ወተት ነው። ከዚያ የተመለጡትን ዛፎች አሻግረው እያዩ "ታዲያ ፍሬው የታል?" ብለው ጠየቁ። ፍሬው እኮ፣ ክቡርነትዎ፣ ከራስዎ በላይ ነበር፤ አውራ ጣት አውራ ጣት እያከለ፣ አረንጓዴ፣ ተንጠልጥሎ። ሁላችንም ቀና ብለን አየነው፤ ከዚያ ሁላችንም አቀረቀርን። እንግዳን በሰው ፊት ማረም ደግሞ ሌላ ነውር ነው። እርስዎም በእኛ ፍሬ ጥላ ሥር ሆነው ፍሬ እንደሌለ ጻፉ። ጥላው ስለተመቸዎት ደስ ብሎናል።

፬ኛ፣ ስለ ንዴቴ። የለም። ፈልጌው ነበር፤ ለረጅም ጊዜ እንደተቀመጡበት እግር ደንዝዞ ነው ያገኘሁት፤ የራሴ ነው፣ ግን አይሰማኝም። ማስታወቂያው የተነበበልን ዕለት ያለቀሰ የለም። ሙላቷ ጀሪካኗን አንስታ ወደ ምንጩ ወረደች። ሊወሰድ ነው ለተባለ ዛፍ ውኃ ለምን ትቀጃለሽ አላልኳትም። ሌላ ምን እንደሚደረግ እኔም ስላላወቅሁ፣ የራሴን ጀሪካን ይዤ ተከተልኋት።

የምንለምንዎት ቀላል ነው። ዛፎቹ ቅርንጫፋቸው መልሶ እስኪበቅል ይታገሡን፤ ከዚያ መጥተው ከዛፉ ላይ ይቁጠሩ። ያኔም ቅርጫት ካልሞላን መሬቱን ራሳችን እናስረክባለን፤ ተሳስተናል ብለን ጭብጨባም እንጨምራለን።

ዕድሜና ጤና ከሰፊ ጥላ ጋር ይስጥዎ፤ የሚቀመጡበት ወንበር ሁሉ ይመችዎ፤ ኮትዎም ከወተት የጸዳ ይሁን እያልኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

የኔአለም አበባው
ስለ ቆላዎቹ ባለበለሶች

ማስታወሻ፦ ዳሱን አላፈረስነውም። ጣሪያው ደርቆ ረግፏል፤ በወንበርዎ በስተቀኝ የቆመው ምሰሶ ግን የእጅ መታጠቢያችሁ ውኃ ሥሩ ሲፈስ ስለዋለ፣ ክረምቱም ስላገዘው፣ ሥር ሰዶ አቆጥቁጧል፤ በዚህ ሳምንት አንዲት ፍሬ ይዟል። ከእርስዎ ጉብኝት የተገኘ ፍሬ ይህ ብቻ ነውና በሪፖርትዎ ያስገቡት። መሬቱን ለአዲሱ አልሚ ካስረከቡ ግን እባክዎ ይህን ምሰሶ አደራ ይበሉልን፤ የሚቀጥለው እንግዳ ሲመጣ ለዳስ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው።