የቁስቋም ስለት

ጎንደር፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለምስጋናው፣ ሶማሊያ ላለኸው፤

ሙቀቱ እንዴት አድርጎሃል? እኛ ጤና ነን፤ ከእናትህ ጋር ግን ሰሞኑን ተኮራርፈን ነበር። ምክንያቱን በቅደም ተከተል ልንገርህ።

የዚያ አገር መንግሥት የእኛን ሠራዊት በቃችሁ፣ ውጡልን ማለቱን በሬዲዮ ሰማን። የእኛም መንግሥት በቁጣ መለሰ። ተማሪ ቢጠይቀኝ፣ ባለአገሩ ውጣ ካለ መውጣት ነው እለው ነበር። እናትህ ደስታዋን አልቻለችውም። ለቁስቋም ማርያም ንግሥ ሄዳ፣ ልጄን ከቤቴ ካስገባሽልኝ የሐር ጥላ አገባለሁ ብላ ተሳለች።

"ስለቱን ብትለውጪው?" አልኳት። "ካለበት ጠብቂልኝ በያት።"

"ምነው አንተ ሰው! ልጄ እንዳይመጣ ልትጸልይ ነው?"

መሪጌታ ህሩይን ባማክራቸው ሳቁብኝ። "መምህር፣ ስለት የፈተና ወረቀት መሰለዎት፣ በቀይ እስክሪብቶ የሚያርሙት?"

ባለፈው እሑድ የጎረቤታችን የኤሌኒ ልጅ፣ ወታደሩ ቢያዝን፣ ሊጠይቀን መጣ። እሱም እዚያው ሶማሊያ ነበር፤ እንደተመለሰ የመደቡት እዚሁ፣ ወደ ሳንጃ በሚወስደው መንገድ ፍተሻ ላይ ነው። እናትህ ምሳ አቀረበችለት፤ እጁን ታጥቦ እንጀራውን ሳይቆርስ ተቀመጠ።

"ብላ እንጂ፣ ምነው?"

"እትዬ እንኳየሁ፣ ትናንት ታከለን አስቆምኩት። አብረን አንድ ዴስክ ላይ የተማርነውን። 'ቢያዝን፣ እኔም ላይ ልትተኩስ ነው?' አለኝ።"

"አንተስ ምን አልከው?"

"መታወቂያ አምጣ አልኩት።"

ሁለቱንም ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።

እናትህ ከዚያ ወዲህ ስለ ጥላው አላነሳችም። ዛሬ ማለዳ ብቻዋን ቁስቋም ደርሳ መጣች፤ ምን ብላ እንደለመነች አልጠየቅኋትም። ስትመለስ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ወደ ክፍልህ ገባች። ለመምጫህ ያነጠፈችውን አዲስ አንሶላ ከአልጋው ላይ ገፈፈችው። አንዱን ጫፍ እኔ ያዝኩላት፤ አጣጥፈን ሳጥን ውስጥ ከተትነው።

የዚያ አገር ሰው ፊት ቢነሳህ ታገሠው፣ አገሩ ነው። ውሃ አፍልተህ ጠጣ። ሁለቱን መንግሥታት እግዚአብሔር ያስማማቸው። አንተንም እመቤታችን ካለህበት ትጠብቅህ።

አባትህ
ወልደኢየሱስ