መኝታ ቤቴን የሚያጨልመው ብሬከር

ማክሰኞ

ዛሬም ሦስት ጊዜ አጨለመብኝ። ጠዋት ሬዲዮ እየሰማሁ፣ ረፋዱ ላይ ማሞቂያው ዳሌዬን ገና ሞቅ ሲያደርገው፣ ከዙህር በኋላ ደግሞ ሰሚራ ሻይ ይዛ በሩን በክርኗ ገፍታ ስትገባ።

ሰሚራ የልጄ የነስሩ ሚስት ናት። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ፊደል አልቆጠርኩም፣ አላፍርበትምም። ሽቦ በቀለሙ ነው የሚታወቀው። ጭድ ተራ ገብተሽ መብራት ማን አስገባላችሁ ብትዪ ሸምሱ ነው ይሉሻል። አርባ ዓመት ሠርቻለሁ። እንዳልኩሽ ጻፊው፣ አታሳምሪው።

ዳሌዬ ከተሰበረ ሁለት ወር ሊሞላ ነው። መስኮቱ የብረት ፍርግርግ አለው፤ ሌባ ፈርቼ ያስገጠምኩት ራሴ ነኝ። በሩ ግማሽ ብቻ ነው የሚከፈተው። ነስሩ ሱቁ ጠቦት ኮሪደሩን በምንጣፍ ጥቅል ሞልቶታል። በገዛ ቤቴ እንደ እቃ ተከምሬ ቀረሁ።

የሚያጨልመው አዲሱ ብሬከር ነው። ባለፈው ሳምንት አሮጌው የፊውዝ ሳጥን ተቃጠለና ነስሩ ግርማን ጠራው። ግርማን ሥራ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሳጥኑን ቀየረ፣ ለመኝታ ቤቴ መስመር ብቻ ለየት ያለ ብሬከር፣ መብራት ቆራጭ፣ ገጠመ። ይኸው እሱ ነው የሚጫወትብኝ።

ረቡዕ

ግርማ መጣ። ሃምሳ አልፎታል፣ መነጽር አድርጓል፣ እኔ ፊት ግን አሁንም ቆሞ ነው የሚያወራው።

«ጋሼ፣ ይሄ ሌላ ነው» አለኝ። «የድሮው የሚወርደው ጭነት ሲበዛ ወይ ሽቦ ከሽቦ ሲነካካ ነው። ይሄኛው የላላ የሽቦ መጋጠሚያ ላይ ያለውን ብልጭታ ያውቃል። ዓይን የማያየውን። ቀስ እያለ ቤት የሚያቃጥለው እሱ ነው።»

«ለምን መኝታ ቤት ላይ ብቻ?»

«የተኛ ሰው ጭስ አይሸተውማ! ውጭ አገር በሕግ ለመኝታ ቤት ግዴታ ያደረጉ አሉ። እኛ ጋ ማንም አልጠየቀኝም። ግን እርስዎ ከአልጋ አይወርዱም፣ ሕሊናዬ እምቢ አለኝ።»

«እና ብልጭታው የታለ? የዚህን ቤት መስመር የዘረጋሁት እኔ ነኝ!»

ግርማ ሶኬቱን ፈታ፣ ለረጅም ጊዜ አየው፣ መልሶ ገጠመው። አምፖሉን አየ። ማሞቂያውን ነቅሎ አየ። «አይጥ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ሄደ። ይህን ሲል ዓይኔን አላየም።

ሐሙስ

ነስሩ ተናደደ። «አባባ፣ ቅዳሜ ብሬከሩን በግርማ አስነቅለዋለሁ። የድሮውን ዓይነት ያስገባና እንገላገል።»

ጎሽ አልኩት። ደስ አለኝ። የኔን ሥራ የሚነቅፍ ዕቃ ቤቴ አይቀመጥም።

አልጋ ላይ የዋለ ሰው ሥራው መስማት ነው። ዛሬ የሰማሁት ይህ ነው። ጠዋት ተሸካሚዎች ምንጣፍ አስገቡ። «ወደ ግድግዳው! ወደ ግድግዳው በለው!» ዱብ። መብራት ጠፋ። ሰሚራ ሄዳ መለሰችው። ሁለተኛው ጥቅል ዱብ። ጠፋ። ሦስተኛውን መሬት ላይ ጣሉት። አልጠፋም። ከሰዓት ግድግዳውን የነካው የለም፣ መብራቱም እንደበራ ዋለ።

አይጥ አይደለም።

ዓርብ

ማሞቂያውን አስበራሁና ሰሚራን ሥራ አዘዝኳት።

«በኮሪደሩ በኩል ያለውን ግድግዳ በጡጫሽ ምቺ።»

«አባባ፣ ጭራሽ ግድግዳ ልደብድብ?»

«ምቺ ነው የምልሽ!»

ራስጌዬ ጋ መታች። ምንም። ወደ በሩ ሂጂ አልኳት። መታች። ጠፋ። ያሸነፍን መስሏት ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም፣ አስታውሼ ነበር።

በዚያ ግድግዳ መስመር ስዘረጋ ሽቦ አጠረኝ። ሱቁ ለጁምዓ ተዘግቷል፣ ጭቃ መራጊው ቆሞ ይጠብቀኛል። ቁርጥራጭ ቀጠልኩ። በእጄ ጠመዘዝኩ፣ ናስትሮ ጠቀለልኩበት፣ የመቀጠያ ሳጥን ሳላደርግለት በላዩ አስመረግሁበት። ካልታየ የለም ብዬ ይኸው ስንት ዘመን ተኛሁበት።

ዝም ብል ነገ ይነቀላል። ሰው አያውቅም። መብራቱም አይጠፋም፣ ሸምሱም ሸምሱ ሆኖ ይቀራል። በሩ ግን ግማሽ ነው፣ መስኮቱ ብረት ነው፣ እግሬም እግር አይደለም። ቢቃጠል የት እሄዳለሁ? ይህን ሳመላልስ ዋልኩ። ነስሩ ከመስጊድ ሲመለስ «አባባ፣ አመምዎት እንዴ?» አለኝ። ደህና ነኝ አልኩት። ዋሸሁት። ይህንንም ጻፊ።

ቅዳሜ

ግርማ ሊነቅል መጣ። ነስሩ በሩ ላይ ቆሟል።

«አትንካው» አልኩ። «መዶሻ አምጣ። ከበሩ ሁለት ስንዝር፣ በደረትህ ልክ፣ ስበረው።»

«ግድግዳውን?» አለ ነስሩ።

«ግድግዳው የኔ ነው። ውስጡ ያለው ጉድም የኔ ነው።»

ግርማ ሰበረው። ጭቃው ረገፈ፣ የቋጠርኩት ሽቦ ወጣ። ናስትሮው ከስሏል። አጠገቡ ያለው ማገር አንድ ስንዝር ያህል ጠቁሯል። ነስሩ ያንን ማገር በጣቱ ነካው፣ ጣቱ ጠቆረ።

«ጋሼ፣ ያኔ እኮ ሁሉም እንዲህ ነበር የሚሠራው» አለ ግርማ።

«ስለ ሁሉም አልጠየቅሁህም። ታውቅ ነበር?»

«ከሳጥኑ የሚነሳው ሽቦ ቀይ ነው፣ ሶኬቱ ላይ የሚወጣው ቢጫ። መሀል ላይ መቀጠሉን ጠርጥሬያለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«እርስዎን?»

ልቆጣው ነበር። አቃተኝ።

አዲስ ሽቦ አስገባ፣ ብሬከሩን ተወው። ነስሩ ደግሞ ሳላዘው ተሸካሚዎች ጠርቶ ኮሪደሩን አስለቀቀ።

እሑድ

አንድም ጊዜ አልጠፋም። ሰሚራ ግድግዳውን መታ መታ አድርጋ አየችው። ደህና ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

አላለኝም። ሽቦ ያጠረኝ ያን ቀን ብቻ አይደለም። ጭድ ተራ አለ፣ ከጎጃም በረንዳ ጀርባ አለ፣ መሳለሚያ አለ። የት የት እንደቀጠልኩ አውቀዋለሁ። ሰው ተኝቶበታል። እኔ እንዳልሄድ አልጋ ይዞኛል።

ግርማ «ይንገሩኝ፣ እየዞርኩ አያለሁ፣ ስምዎን አላነሳም» አለኝ።

«ስሜን ካላነሳህ ማን መኝታ ቤቱን ይከፍትልሃል?» አልኩት። አንገቱን ደፋ። እኔም ደፋሁ።

ሰሚራ፣ ለግርማ አዲስ ገጽ ግለጪ። መጀመሪያ ዘሃራ፣ ጭድ ተራ። ልጇን ስትድር የሠራሁላት። እስከ ዛሬ ባገኘችኝ ቁጥር እጄን ትመርቃለች። በግራ ያለው መኝታ ቤት፣ ከመስኮቱ በላይ፣ ሁለት ቦታ። ቆይ። ሁለት አይደለም፣ ሦስት ነው። ሦስት ብለሽ ጻፊ።