ከበሩ በላይ የሰቀልኳት ቄጠማ

እሑድ፣ ጥር 22

ዛሬም ተኩስ። ከገፈርሳ በኩል የጎማ ጭስ ጓሯችን ድረስ መጣ። አንድ ልጅ ተመትቶ በጋሪ ሲወስዱት አየሁ፤ ደሙ እስከ ወፍጮ ቤቱ ተንጠባጥቧል።

ሲስተር ኖራ ደግሞ "ቄጠማ አምጪልኝ" ይሉኛል! ስፌት የሚያስተምሩን አየርላንዳዊት መነኩሴ ናቸው። ነገ በአገራቸው የቅድስት ብሪጅድ ቀን ነው። በዋዜማው ቄጠማ ቆርጠው መስቀል ይጎነጉኑና ከበር በላይ ይሰቅላሉ፤ ቤቱን ከእሳት ይጠብቃል። እኔ የማውቀው አረንጓዴ የሚለብሱበትን በዓላቸውን ብቻ ነበር። የእሱም ቀለም ድሮ ሰማያዊ ነበር አሉኝ። ሳቅኩ። በዚህ ቀን መሳቄ ራሴን ገረመኝ።

ሰኞ

"ድሮ እኛም ጋ ባለርስቶቹ ገበሬውን ሲያፈናቅሉ ጣራውን በግንድ ነበር የሚያፈርሱት። ያስጠጋው ጎረቤትም ይባረር ነበር" አሉ ሲስተር ትናንት ማታ፣ ያመጣሁላቸውን ቄጠማ እየጎነጎኑ። ለእማዬ ስነግራት "ፈረንጅ በፈረንጅ ላይ?" ብላ አፏን ያዘች። ከተማውን ወደ ገበሬው መሬት የሚያሰፋው ማስተር ፕላን ቀረ ቢባልም አላመነችም፤ መሬታችንን እያሰበች እንቅልፍ ካጣች ከርማለች።

መስቀሏን በአንድ ምስማር ከበሩ በላይ ሰቀልኳት። ነፋሱ አዘመማት። ታናሽ ወንድሜ ገመቹ "አቃኚያት እንጂ" አለኝ። ቆይ አልኩት።

ማክሰኞ

ጠዋት ወታደሮች መጡ። አንዱ ቀና ብሎ በሩን አየ። የዘመመችው መስቀል ሰልፈኛ ከራሱ በላይ የሚያጠላልፈውን እጅ መስላለች።

"ይሄ የማነው?"

አፌን ሳልከፍት ገመቹ "የኔ ነው" አለ። ሰልፍ ወጥቶ የማያውቀው ልጅ! ከመኪና እጥበትና ከኳስ ሌላ ምን ያውቃል? በሰደፍ አፉን አሉት። ጥርሱ ደጃፉ ላይ ወደቀ። ቀኝ እጁን በጫማ ሲረግጡት አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። "እኔ ነኝ የሰቀልኩት!" ብዬ ጮህኩ፤ ማን ይስማኝ። ፒክአፕ ላይ ወርውረውት ሄዱ። መስቀሏንም በጣጥሰው ጣሏት።

ጠላኋቸው። ራሴንም ጠላሁ።

ረቡዕ

የሰፈሩ ሽማግሌ ኦቦ ቱፋ እንደ ወጉ እርጥብ ሳር ይዘው ገመቹን ያሰሩበት የወታደሮቹ ካምፕ በር ላይ ቆሙ። "ማሎ፣ ልጄ፣ ማሎ" እያሉ ለመኑ። አብረውን የነበሩት ሲስተር ኖራ ከሳሩ ተቀብለው አዛዡ ፊት መስቀል ጎነጎኑ።

"ይኸው፣ ቤት ከእሳት የምትጠብቅ ናት።"

"ታዲያ መች ጠበቀቻችሁ?" ብሎ ሳቀ። ግን ከሰዓት ገመቹን ለቀቁት።

ከጤና ጣቢያ እጁ በጄሶ ታስሮ፣ አፉ አብጦ ቤት ገባ። "ይቅር በለኝ" አልኩት። በሩ ጋ ቆሞ ባዶውን ምስማር አየ። ከዚያ እያቃሰተ ጄሶውን አነሳ፤ ግራ እጁንም ጨመረና ከራሱ በላይ አጠላለፋቸው።

እማዬ ሮጣ በሩን ዘጋችው። ነገ እንዳይወጣ በምን እንደምይዘው አላውቅም።