ደጄ፣ ክላዲንጉን አወረድነው

ውድ ባለቤቴ ደጀኔ፣

ደጄ፣ ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ባለፈው ክረምት ልጽፍልህ ወረቀት አውጥቼ ነበር፤ ከስምህ በላይ መሄድ አቃተኝ። ዛሬ ግን ሳልነግርህ ብቀር ሆዴ አይችለውም። ሙታን ይሰሙ እንደሆነ አላውቅም። የሚሰሙ ከሆነ ይህን ከእኔ አፍ ብትሰማው ይሻላል።

እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ላይ ያስቸግረኛል። ልጃችን ቤተልሔም ላንጋኖ አንድ ሆቴል ውስጥ ሥራ አግኝታለች። እረፍት ስታገኝ እየመጣች እንደ አንተ ትቆጣኛለች፤ አልበላሽም፣ መድኃኒትሽን አልዋጥሽም ትለኛለች። መነጽርህን እስከዛሬ ከመስኮቱ ላይ አላነሳሁትም።

ልነግርህ የፈለግሁት ስለ ቤታችን ነው። አንተ በር ለበር እየዞርክ፣ ነዋሪውን አንድ በአንድ አሳምነህ ክላዲንግ፣ ያን የሚያብረቀርቅ የአልሙኒየም ልባስ፣ ያስለበስከው ብሎክ ልብሱን አውልቋል።

ያኔ እንዴት እንደነበርን ታስታውሳለህ። ልስኑ እየተላጠ፣ ዝናቡ በጎን እየገባ፣ የመኝታ ቤታችን ግድግዳ ሻጋታ አብቅሎ ነበር። የነዋሪው ኮሚቴ ሰብሳቢ አድርገው ሲመርጡህ፣ «መጀመሪያ ይህን ቤት አለብሰዋለሁ» አልክ። ሥራው ያለቀ ዕለት ከአስፋልቱ ማዶ፣ ጎሚስታው ጋ ወስደህ አቆምከኝ። የማታ ፀሐይ አርፋበት ሕንጻው እንደ አዲስ ድስት ያበራ ነበር። ባጃጆቹ ጡሩምባ እየነፉብን እጄን ይዘህ ብዙ ቆየህ። አንድም ቃል አልተናገርክም። አርባ ተማሪ ፊት ቀኑን ሙሉ ስታወራ የምትውለው ሰውዬ!

ነገሩ የጀመረው ከምድር ቤቱ ነው። ቆጣሪዎቹ ያሉበት ጥግ ሽቦ ተቃጥሎ አጠገቡ ያለው ክላዲንግ ጠቆረ። ጎረቤት ተረባርቦ በአሸዋ አጠፋው፤ ማንም አልተጎዳም። ተመስገን ብለን ወደየቤታችን ስንገባ አራተኛ ፎቅ ያለችው ሐሊማ ብቻ የጠቆረውን ቦታ እያየች ቀረች። እናቷን እማማ ፋጡማን ታውቃቸዋለህ፤ እግራቸውን ከያዛቸው ወዲህ ከቤት ወጥተው አያውቁም። ሐሊማ፣ «እሳቱ ወደ ላይ ቢወጣ እናቴን በየት በኩል አወርዳታለሁ?» ብላ ጠየቀችን። እሷም መልስ ፍለጋ ከቢሮ ቢሮ ተመላልሳ ባለሙያ አስመጣች።

የመጣችው ኢንጂነር ሰላም የምትባል፣ የቤተልሔም እኩያ የምትሆን ልጅ ናት። ከላይ እስከ ታች ዞረች። ደረጃው ሥር የተከማቸውን ፍራሽና የከሰል ጆንያ አየች፤ ለሌባ ብለን የቆለፍነውን የጓሮ በር አየች። በመጨረሻ አንድ የክላዲንግ ቁራጭ አስነቀለችና ጎኑን አሳየችን። ሁለት ስስ አልሙኒየም፣ መሐላቸው ጥቁር ፕላስቲክ። ከግቢው መሐል አሸዋ ላይ አድርጋ ክብሪት ለኮሰችበት።

ደጄ፣ ያን ባታይ ይሻላል። ፕላስቲኩ እየነደደ እንደ ሻማ ተንጠባጠበ፤ ጠብታው ያረፈበት ቦታ ሁሉ መልሶ ይነድ ነበር። ከዚያ በግድግዳውና በልባሱ መሐል ያለውን ክፍተት በጣቷ እያሳየች፣ «እሳት ከታች ቢነሳ ይህ ክፍተት እንደ ጭስ መውጫ ወደ ላይ ይጎትተዋል» አለች። «የናዝሬትን ንፋስ ደግሞ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። መውረድ አለበት።»

ከአንተ በኋላ ሰብሳቢው ጓደኛህ ገመቹ ነው። ስብሰባ ጠራና ሁላችን ግቢ ውስጥ የኒም ዛፏ ሥር ወንበር ይዘን ወጣን። ኮፍያውን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ተናገረ።

«ይሄ የደጀኔ ሥራ ነው። እኔ አብሬው ለፍቻለሁ። አፈር ከገባ፣ አፉን ከፍቶ መመለስ ከማይችል ሰው ላይ ሥራውን ገፍፈን፣ ሊያስፈጀን ነበር ልንል ነው? ማል ጄቹዳ? ምን ማለት ነው ይሄ?»

ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ሐሊማ ብቻ አንገቷን ደፍታ መሬት መሬቱን ታያለች። እንድራራላት መለመን ያፈረች መሰለኝ።

እውነቱን ልንገርህ፤ ልቤ ከገመቹ ጋር ነበር። ከዚያ ልባስ ውጭ፣ ሰው የሚያየው ያንተ ነገር ምን ቀረልኝ? በዚያ ግድግዳ ሥር ሳልፍ ሰው፣ «ነፍሱን ይማረው፣ ደጀኔ ያሠራው ነው» ሲል እሰማለሁ። እሱ ሲወርድ ስምህም አብሮ የሚወርድ መሰለኝ። ደግሞ አንድ ጥያቄ ውስጤን ይበላኝ ነበር። ውስጡ ያለውን ታውቅ ነበር ወይ? አታውቅም ነበር ብዬ አምናለሁ። ሻጩም አልነገረህም፣ ከመሐላችንም የጠየቀ የለም፤ እኛ የጠየቅነው ቀለሙን ነው። ብቻ አንተ ራስህ «አላውቅም ነበር» ብትለኝ ምንኛ በወደድኩ።

ተነሣሁ። ምን እንደምል ሳላውቅ ነው የተነሣሁት። ከአፌ የወጣው ልጃችን ትንሽ ሳለች ላንጋኖ የሄድንበት ቀን ሆነ። አዳሚ ቱሉን አልፈን መታጠፊያውን ስንስት፣ «አለፍነው» አልኩህ። «እኔ ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ» ብለህ ወደ ነጌሌ ነዳኸው። በኋላ ሐይቁ ከኋላችን መቅረቱን ስታይ መኪናውን ዳር ይዘህ አቆምክ፤ ወደ ልጅህ ዞረህም፣ «እናትሽ ልክ ናት፣ አባትሽ ተሳስቷል፣ እንመለስ» አልካት።

ይህንን ነገርኳቸው። ከዚያም፣ «ገመቹ፣ ደጀኔ ዛሬ እዚህ ቢቀመጥና ያ እሳት ሲንጠባጠብ ቢያይ፣ መሰላሉን የሚያመጣው ማን ይመስልሃል?» አልኩት።

ገመቹ ኮፍያውን አንሥቶ ከግቢው ወጣ። የቀሩት እጃቸውን አወጡ፤ እንዲወርድ ተወሰነ።

ከዚያ በኋላ ገመቹ ደረጃ ላይ ሲያገኘኝ ሰላምታው ቀዝቃዛ ሆነ። ከአንተ ቀጥሎ ወንድም ያልኩት ሰው ነውና ከፋኝ። ሠራተኞቹ የመጡ ቀን ግን ማለዳ በሬን አንኳኳ፤ ቱታ ለብሷል። «ደጀኔ የሰቀለውን የማያውቁት ሰዎች ብቻቸውን አያወርዱትም» አለኝ። ቀኑን ሙሉ የሚወርደውን እየተቀበለ ሲደረድር ዋለ። ሻይ ይዤለት ብወርድ ዓይኑ ቀልቷል። ጎን ለጎን ቁጭ ብለን ጠጣን።

ልስኑ እየተጠገነ ነው። ደረጃው ሥር ያለው ዕቃ ተነሥቷል፤ የጓሮው በር ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት ሆኗል፤ በየፎቁ የእሳት ማጥፊያ ተሰቅሏል። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ኢንጂነሯ መጥታ፣ አደጋ ቢደርስ እንዴት እንደምንወጣ አለማመደችን።

እማማ ፋጡማን ገመቹና ሁለት ጎረምሶች በወንበር ተሸክመው አወረዷቸው። ሐሊማ፣ «ቀስ! ቀስ በሉ!» እያለች ፊት ፊት ትወርዳለች። ግቢው ሲደርሱ ፀሐይዋ ፊታቸው ላይ አረፈች፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ሳቁ። ወደ ላይ እንመልስዎት ሲሏቸው እምቢ አሉ። ጎረቤቱን እየጠሩ፣ እጁን እየያዙ፣ የሁሉንም ጤና ጠየቁ። በመጨረሻ ዙሪያውን ቃኝተው፣ «ደጀኔ የታለ? ተቀየመኝ እንዴ? መምጣት ተወ» አሉ።

ለካ እነ ሐሊማ ልባቸው እንዳይደክም ፈርተው ሞትህን ሳይነግሯቸው ኖረዋል።

አጠገባቸው ተንበረከክሁና እኔው ነገርኳቸው። ነጠላዬን ይዘው አለቀሱ። «አላህ ይማረው» አሉ፤ ደጋግመው። ከዚያ ሁልጊዜ አርብ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቤታቸው ትገባ እንደነበር፣ ትኩስ ዳቦ ይዘህ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠህ የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ታወራላቸው እንደነበር ነገሩኝ። «ዓይኔ እሱ ነበር» አሉኝ።

እኔ ይህን አላውቅም ነበር ደጄ። አርብ አርብ የምትዘገየው ስብሰባ ይዞህ ይመስለኝ ነበር። ስምህን አልሙኒየም ላይ ስጠብቅ፣ ለካ አራተኛ ፎቅ ላይ አንዲት አሮጊት ልብ ውስጥ ተቀምጠሃል።

ትናንት አርብ ነበር። ዳቦ ገዛሁ። ጉልበቴን እያሸሁ፣ በየፎቁ እያረፍኩ ወጣሁ። ባጃጅ ማኅበር ውስጥ ስለተነሣው ጠብ፣ ስለ ጎሚስታው ልጅ ሰርግ አወራሁላቸው፤ እንዳንተ ባልችልበትም ሳቁልኝ። ጉልበቴ እስከፈቀደልኝ ድረስ አርብ አርብ እወጣለሁ። እሳቸው ስለ አንተ የሚያውቁትን እየነገሩኝ፣ እኔም የማውቀውን እየነገርኳቸው፣ አንተን ገና እየተዋወቅሁህ እኖራለሁ።

የአንተው፣
ጥሩወርቅ