ወንበሬን ብቻ ለጋበዛችሁበት ምክክር

ለተከበሩ የከተማችን የመንገዶች ቢሮ ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ በተለይ ሁለቱን ጉልበቶችዎን አምላክ ከክፉ ሁሉ እንዲጠብቅልዎ እመኛለሁ፤ ያሠሩልንን የእግረኛ ድልድይ ለመውጣት ከነሱ በቀር ሌላ መላ የለምና።

እኔ ከድልድዩ ሥር ባለች ጠባብ ሱቅ ልብስ የምሰፋ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የምሄድ ሴት ነኝ። የልጄ ትምህርት ቤት ከመንገዱ ማዶ ነው። ቀድሞ ጭኔ ላይ አስቀምጫት በዜብራው እንሻገር ነበር። ዛሬ ዜብራው ተፍቆ፣ መንገዱ መሀል ለመሀል በብረት አጥር ተከፍሎ፣ በምትኩ ደረጃ ብቻ ያለው ድልድይ ቆሞልናል። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ድልድዩ ከመሠራቱ በፊት፣ ቢሮዎ ዕቅዱን «ከአካል ጉዳተኞች ጋር በጋራ» ሊመክርበት ነው ሲባል ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። የላኳቸው ሁለት ትሑት ሠራተኞች ሱቄ ድረስ መጥተው የጠየቁኝ ግን ወንበሬን ነው። እርስዎና ባለሙያዎችዎ በየተራ ተቀምጣችሁባት ችግራችንን በተግባር ልትረዱ ነውና፣ እኔ እንዳልደክም ተብሎ በርጩማ ላይ ቀረሁ። አቤት አሳቢነት! ወንበሬ በከተማ ጉዳይ ስትመክር፣ እኔ ሽንት ቤት ለመድረስ ጎረቤት ስለምን ዋልኩ።

፪. ማምሻውን ወንበሬ የፊት ጎማዋ ተጣሞ ተመለሰች። ይህን እንደ ቅሬታ አይቁጠሩብኝ። ይዟት የመጣው መሐንዲስ በሴራሚክ ወለላችሁ ላይ ሲሽከረከር ውሎ፣ በወንበር መሄድ እንዴት እንደሚያደክም ክንዱን እያሻሸ አስረዳኝ። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይሄ ነው።

፫. ለምረቃው ዕለት ደረጃው ግርጌ የተሽከርካሪ ወንበር ሥዕል በሰማያዊ ቀለም አስቀቡልን። ሥዕሉ እጅግ ያምራል። እሱም እንደኔ እዚያው ሥር ቀርቷል።

፬. እዚህ ላይ ትሕትናዬ ቢያልቅብኝ ይቅርታዎን እለምናለሁ። በየጠዋቱ ከሚወጡት ሰዎች ደህና ፊት ያለውን መርጬ፣ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ልጄን እጅ ለማላውቀው ሰው እሰጣለሁ። አንዳንዱ አደራ ጠባቂ ነው፤ ማዶ አድርሶ እጁን ያውለበልብልኛል። ባለፈው ሳምንት ግን አንዲት ወይዘሮ በስልክ ስታወራ መሀል ድልድይ ላይ ለቀቀቻት። ልጄ ከላይ እማዬ እያለች ስትጮህ፣ እኔ ከሥር ሆኜ ከመስማት በቀር ምንም ማድረግ አልቻልኩም። ያን ዕለት ያወረድኩባችሁን ስድብ፣ ክቡር፣ በደብዳቤ መድገም ነውር ስለሆነ ትቼዋለሁ።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እናንተ ደግሞ ባለቤቱን ንቃችሁ አጥር ተከላችሁበት።

የምለምነው ብዙ አይደለም፤ አጥሩ ይከፈት፣ ዜብራው ይመለስ፣ ሌላ ዕቅድ ሲነደፍም እኔና መሰሎቼ ከነነፍሳችን እንጠራ። እስከዚያው ግን፣ ወንበሬ ላይ ተቀምጠው ችግሬን ጠንቅቀው ስለተረዱልኝ፣ ከነገ ጠዋት ጀምሮ ደረጃው ሥር ይምጡና የልጄን እጅ ይዘው ያሻግሩልኝ። ሌላው ቢቀር፣ ልጄን ለማን እንደሰጠሁ ልወቅ።

ከአጥሩ ወዲህ የቀረች አክባሪዎ፣
የወንበሯ ባለቤት

ማስታወሻ፦ ለሚቀጥለው ምክክር የዓይነ ስውራንን ችግር ልትረዱ ነጭ በትርና የዓይን መሸፈኛ ጨርቅ እያፈላለጋችሁ ነው አሉ። ዓይነ ስውሩ ጎረቤቴ፣ የሙዚቃ መምህሩ፣ በትሩ ያለ እሱ ከቤት እንደማትወጣ ንገሪልኝ ብሎኛል። ጨርቁን እንኳ ከሱቄ ብጣሽ በነፃ በላክሁ ነበር፤ ነገር ግን ዓይን ጨፍኖ መሥራቱን ያለ ጨርቅም ተክናችሁበታል።